ስታዲየም መንደፍ ለምትፈልገው እህቴ

የአራተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነሽ። ለኢንተርንሽፕ ሁለት ቦታ አግኝተሻል፤ አንዱ እዚሁ ባሕር ዳር የአማካሪ ድርጅት ቢሮ፣ ሌላው የሕንፃ ሳይት። አባትሽ «ለሴት ልጅ ቢሮ ይሻላል» ብለዋል። አንቺ ስታዲየም መንደፍ ስለምትፈልጊ የቱ እንደሚበጅሽ ጠይቀሽኛል።

እኔ ሳይት ግቢ እላለሁ።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው በዚሁ በባሕር ዳር ስታዲየም ነው። ከዚያ በኋላ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ ጠፍቶ የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አለፉ። ካፍ የሚያየው የአርማታውን ግዝፈት ብቻ አይደለም። መልበሻ ክፍሉን፣ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ መጸዳጃ ቤቱን ያያል። ያገሬ ልጆች ይህን አሳምረው ሲጨርሱ ማየት በጣም እመኛለሁ።

መቀመጫውን ብቻ እንይ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ኳሷን የሚያየው ከፊቱ ባለው ሰው አናት ላይ አሻግሮ ነው። መሃንዲሱ የዕይታ መስመሩ ከፊተኛው ሰው ዓይን ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ ያሰላል። 90 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ከ60 ከወረደ ተመልካቹ አንገቱን ማስገግ ይጀምራል። ስለዚህ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የደረጃው ከፍታ እየጨመረ ይሄዳል። ወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነው። ሳይት ላይ ግን ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 90ው ወደ 70 ወረደ ማለት ነው። አናጺው የት ላይ እንደሚስት፣ ሰርቬየሩ (ቀያሹ) ከፍታውን በሌቭል መሣሪያ መቼ እንደሚያነብ በዓይንሽ ካላየሽ ንድፍሽ ምን ያህል ስህተት እንደሚሸከም አታውቂም።

አፈሩም አለ። ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ወደ ጣና በተጠጋሽ ቁጥር ደግሞ መሠረት ሲቆፈር ውኃ ቶሎ ይመጣል። ቁፋሮ ባለበት ቀን አትቅሪ።

የአርማታው ጥንካሬ የሚፈተንበትን ናሙና፣ ኪዩቡን፣ ራስሽ ሙዪ። 15 ሳንቲ ሜትር በሁሉም ጎኑ ነው። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲሰበር አጠገቡ ቁሚ።

መውጫ በሮችንም እንዳትረሺ፣ አደራ። በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ብራድፎርድ ስታዲየም ቃጠሎ ተነስቶ 56 ሰው ሞተ። ከኋላ በኩል በተዘጉ መውጫዎች ዘንድ ያለቁት ብዙ ናቸው። መሐል ከተማ የሚሠራ ስታዲየም ሲሆን ሕዝቡ ከበሩ ወጥቶ የት እንደሚፈስስም አብሮ ይታሰባል።

ማስተርሱን አሁን አትወስኚ። ስትራክቸር ይሁን ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት፣ ከሳይት በኋላ ልብሽ ራሱ ያዘነብላል።

የአባትሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። አርማታ የሚሞላበት ቀን ሥራው ያመሻል። ስለ መመለሻ ትራንስፖርት ከሳይት መሃንዲሱ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ከዚያ ለአባትሽ ንገሪያቸው። ቢሮውንም እንዲሁ አትተዪው፤ አመስግነሽ፣ ስትመረቂ ማመልከት ትችዪ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።