የታመመ ወንድሜን ልጠይቀው ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮን የሚያገለግል ወንድም ከታመመ ሦስት ሳምንት ሆነው። የሚያስታምሙት እናቱ ናቸው። ልጠይቀው፣ በምችለውም ልረዳው እፈልጋለሁ፤ ግን እርሱም ሆነ ሰው ሌላ ነገር እንዳይመስለው ፈርቼ ቀረሁ። ማሰናከያ ላለመሆን መቅረቴ ልክ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልክ አይደለም። ሐሜትን መፍራት ንጽሕናን መጠበቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ሲል (ማቴ. 25፥36) «ሐሜት ከሌለ» የሚል አልጨመረበትም።

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ቅዱሳን ገንዘብ ሲያሰባስብ ሰው ሊነቅፈው እንደሚችል ያውቅ ነበር። ታዲያ መዋጮውን ተወው? አልተወውም። ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ላከ፤ «በጌታ ፊት ብቻ ያይደለ ነገር ግን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለንና» አለ (2ኛ ቆሮ. 8፥21)። በጎውን ሥራ አላስቀረም፤ ምስክር ጨመረበት እንጂ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ለእናቱ አስቀድመሽ ደውለሽ፣ ከማኅበራችሁ አንድ ሁለት ሰው ይዘሽ፣ በቀን ሂጂ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የታመመ ሰው እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ ለማውራት ይታገልና ይደክማል። ጉንፋን ከያዘሽ ቅሪ። ሽቶም አትቀቢ፤ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ይብስበታል። ምግብ ከመውሰድሽ በፊት ጨው ወይም ስኳር ተከልክሎ እንደሆነ ጠይቂ። ገንዘብ ካዋጣችሁ በማኅበሩ ስም ለእናቱ ስጡ።

ነገር የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት «ያላንተ ጉባኤው ባዶ ሆኗል» ብለሽ ስትጽፊ አንቺ ለማጽናናት ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ የተኛ ሰው ግን ያቺን ቃል ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። በቀን «ሁላችንም በጸሎት እያሰብንህ ነው፤ መልስ ለመጻፍ አትድከም» ብትዪው ይበቃል።

እናቱንም አትርሺ። ስንት ሌሊት ሳይተኙ አደሩ? ተራ ገብታችሁ ሁለት ሰዓት ቢያንቀላፉ፣ የታዘዘውን መድኃኒት ብታመጡላቸው ከየትኛውም ስጦታ ይበልጣል፤ በሌላ የሚተረጎምም አይደለም።

በልብሽ በእውነት የፍቅር ሐሳብ ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ እንጂ አልጋ ላይ ሳለ ለእርሱ አትግለጪለት። የሰው እርዳታ የሚጠብቅ ሰው «አይሆንም» ለማለት ይቸግረዋል። እስኪድን ታገሺ።

እናቱ ጋ ግን ዛሬውኑ ደውዪ።