ካርቡሬተሩን ከመፍታትዎ በፊት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልስላቸው አራት ጠያቂዎች ሁሉም አውሮፕላናቸውን በገዛ እጃቸው የሠሩ ሲሆኑ፣ አራቱም የሞተራቸውን ችግር ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ አሳብበዋል። እንደ እኛ አመለካከት ካርቡሬተሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው በአንደኛው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከመኪና ሞተር የተቀየረ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 80 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለኝ። የነዳጅ ታንኩ ክንፉ ውስጥ ስለሆነ ነዳጁ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አውሮፕላኑን መሬት ላይ አስሬ ሙሉ ኃይል ስሰጠው ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ያለ እንከን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ዙሩ እየወረደ ይንተፋተፋል። ኃይሉን ቀንሼ ጥቂት ከቆየሁ ደግሞ ይድናል። ዋናውን ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ሁለት ጊዜ በሰፋ ብቀይረውም ለውጥ አላመጣም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩን ሳይፈቱ ለመብረር አለመሞከርዎ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የደብዳቤዎ ቁልፍ ያለው «ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። የጄቱ ቀዳዳ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ጥበቱ የሚታየው ሙሉ ኃይል ከተሰጠበት ቅጽበት ጀምሮ ነበር፤ ቀዳዳ ከደቂቃ በኋላ አይጠብም። የእርስዎ ሞተር ግን ተንሳፋፊው ባለበት የካርቡሬተር ማጠራቀሚያ ውስጥ የተቀመጠው ነዳጅ እስኪያልቅ ድረስ በደህና ይሠራል፤ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባው ከሚወጣው ስለሚያንስ ግን ውሎ አድሮ ይራባል፤ ኃይሉ ሲቀነስ ማጠራቀሚያው እንደገና ይሞላና ሞተሩ ያገግማል። ስለዚህ መመርመር ያለብዎት ከካርቡሬተሩ የነዳጅ መግቢያ እስከ ታንኩ ያለውን መንገድ ነው።

በመጀመሪያ የታንኩን የአየር መተንፈሻ ይመልከቱ። የነዳጁን ክዳን ከፍተው ሙከራውን ሲደግሙ ችግሩ ከጠፋ፣ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይም ከመጀመሪያው ጠቦ ተሠርቷል ማለት ነው። በዚህ ካልተገኘ የፍሰት ልኬት ያድርጉ። እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ በአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.23 ኪሎ ግራም ያህል ቤንዚን ይበላል፤ ይህም ለ80 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። በአቪዬሽን የተለመደው መስፈርት በክብደቱ የሚወርድ ነዳጅ ሞተሩ በመነሻ ኃይል ከሚፈልገው 150 በመቶ፣ በፓምፕ የሚገፋ ደግሞ 125 በመቶ እንዲፈስ ስለሚጠይቅ፣ እርስዎ በሰዓት 38 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ ከ600 ሚሊ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ማግኘት አለብዎት። ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ግን የአውሮፕላኑ አፍንጫ በሽቅብ በረራ ጊዜ የሚይዘውን ያህል ተነሥቶና ታንኩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ብቻ ቀርቶ ሲካሄድ ነው፤ አፍንጫው ከፍ ሲል በታንኩና በካርቡሬተሩ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ሊቀንስ ይችላልና። ሥራውን ከቤት ውጭ፣ ባትሪውን አለያይተውና የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ አስቀምጠው ያከናውኑ።

ብዙ ሠሪዎች ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለው ይለኩና ውጤቱ በቂ ሆኖ ሲያገኙት ግራ ይጋባሉ። እርስዎ ልኬቱን ቱቦው በቦታው ተገጥሞ፣ የማጠራቀሚያው ሽፋን ተከፍቶና ነዳጁ የማጠራቀሚያውን መግቢያ በሚከፍተውና በሚዘጋው መርፌ መቀመጫ በኩል እየወረደ ይድገሙት። የመኪና ካርቡሬተር የሚሠራው በፓምፕ ግፊት እንዲመገብ ታስቦ ነው፤ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው የቤንዚን ዓምድ የሚሰጠው ግፊት ግን 0.035 ባር ብቻ ነው። ፓምፑ ያለ ችግር የሚያሳልፍበት የመርፌ መቀመጫ ለዚህ ደካማ ግፊት እጅግ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎም ችግር ይኸው እንደሚሆን እጠረጥራለሁ። መድኃኒቱም ሰፋ ያለ መቀመጫ ወይም አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ነው። ፍሰቱ በቂ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቱቦው በጭስ ማውጫው አጠገብ እያለፈ ነዳጁ ወደ እንፋሎትነት እየተቀየረ እንዳይሆን ይመርምሩ።

የመጀመሪያውን ጄት ወደ ቦታው ይመልሱ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው ወይም እንዳበላሸው አያውቅም።

ጥያቄ፦ ሞተሬ በሙሉ ኃይል እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ሚኒሞ ላይ (በዝቅተኛው ዙር) ሲሆን ግን ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። የሚኒሞውን ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ባዞረውም አልተስተካከለም።

መልስ፦ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያስገባ ክፍተት ይፈልጉ። የአየሩ በር ሲዘጋ በማስገቢያ ቱቦው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ከፍተኛ ስለሚሆን በትንሽ ስንጥቅ የሚገባው ትርፍ አየር ለሚኒሞው ብዙ ነው፤ በሙሉ ኃይል ጊዜ ግን ከጠቅላላው አየር አንጻር ከቁጥር አይገባም። ደረቅ የሆነ የማያያዣ ጎማ፣ የላላ ማሰሪያና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) የተለመዱት ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሚታይ የነዳጅ ቀለምም ብዙ ጊዜ ቦታውን ይጠቁማል። አንዳንዶች ሞተሩ እየሠራ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ይረጩበታል፤ በሚሽከረከር ፕሮፔለርና በጋለ ጭስ ማውጫ መካከል እንዲህ ያለውን ዘዴ አልመክርም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በአየር መግቢያው በኩል ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር ይንፉና መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ይቀቧቸው፤ አረፋ የሚነሣበት ቦታ መልሱን ይሰጥዎታል።

የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ እጀታ ካለዎት በሚኒሞ ላይ ሳሉ ቀስ ብለው ወደ መዝጊያው ይሳቡት። ጤናማ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ዙሩ በደቂቃ ከ25 እስከ 50 ያህል ይጨምራል፤ ምንም ሳይጨምር ወዲያው ከጠፋ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል። ባለ ሁለት ካርቡሬተር ሞተር ከሆነ ደግሞ የሁለቱ የመሳብ ኃይል እኩል መሆኑን በመለኪያ ያረጋግጡ። አንድ ሲሊንደር ብቻ ቀዝቅዞ ከተገኘ ግን ካርቡሬተሩን ይተዉትና ካንዴላውን ይመልከቱ፤ አራቱን ሲሊንደሮች የሚመግብ አንድ ካርቡሬተር ሦስቱን አጥግቦ አንዱን አያስርብም።

ጥያቄ፦ በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ዳመና በሌለበት ቀን ለማረፍ ኃይል ቀንሼ ስወርድ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኃይል ብጨምርም ዙሩ አልወጣም። በሰላም ካረፍሁ በኋላ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈታትቼ ምንም አላገኘሁም።

መልስ፦ ያላገኙት ቀልጦ ስለጠበቀዎት ነው። በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ የግፊቱ መውረድና የነዳጁ መትነን ተደምረው የአየሩን ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ሊቀንሱት ስለሚችሉ፣ እርጥበት ባለበት አየር በረዶ ይሠራል። ውጭው ከ −7 እስከ 21 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ በዝቅተኛ ኃይል ሲሆን ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትም ሊከሰት ይችላል። የጠራ ሰማይ እርጥበት የለም ማለት አይደለም።

የካርቡሬተር ማሞቂያውን ኃይል ከመቀነስዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። ሲከፈት ዙሩ በመጠኑ ይወርዳል፤ በረዶ ከነበረ ደግሞ የቀለጠው ውኃ በሞተሩ እስኪያልፍ ድረስ መንቀጥቀጡ ይብሳል። አብራሪው ደንግጦ ማሞቂያውን መልሶ የሚዘጋው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ታግሠው ይጠብቁ፤ ዙሩ እንደገና ይወጣል።

በእጅ በተሠራ አውሮፕላን ላይ የማሞቂያ ሣጥኑ በቂ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ ፋብሪካ ስለሌለ ልኬቱ የእርስዎ ነው። ለተለመደው ካርቡሬተር የሚጠቀሰው መለኪያ በ75 በመቶ ኃይል የሚገባው አየር በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንዲሞቅ ነው። ሣጥኑን ሳይለኩ ካርቡሬተሩን ለአራተኛ ጊዜ እንዳይፈቱት።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ከአየር መግቢያው ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ ካንዴላዎቹም ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል። በዚህ ሁኔታ መብረር እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ሞተሩንም አያስነሡት። ከአየር መግቢያ የሚፈስ ቤንዚን የእሳት አደጋ ነው። እዚህ ላይ ካርቡሬተሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። በመርፌውና በመቀመጫው መካከል የገባ ቅንጣት ወይም የተበላ የመርፌ ጫፍ ነዳጁን መዝጋት ከልክሎት ይሆናል፤ ወይም ተንሳፋፊው ከብዶ መንሳፈፍ አቅቶታል። የናስ ተንሳፋፊ ከሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋ ካወጣ ተበስቷል። የፕላስቲክ ከሆነ በጥንቃቄ ይመዝኑት፤ በሮታክስ 912 ሞተር ላይ በሚገጠመው የቢንግ ካርቡሬተር የሁለቱ ተንሳፋፊዎች ድምር ከ7 ግራም መብለጥ የለበትም። ነዳጅ የመጠጠ ተንሳፋፊ ቢደርቅም መልሶ ስለሚመጥ አዲስ ይግጠሙ።

ፓምፕ ካለዎት ግፊቱን ደግሞ ይለኩ፤ የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደው ጣሪያ በላይ ከሆነ አዲሱም መርፌ ሊሸነፍ ይችላል። ካስተካከሉ በኋላ የነዳጁን ቧንቧ ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ለግማሽ ሰዓት ይመልከቱት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከታየች መርፌው ገና አልዘጋም።