የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ክፍያ፦ ከግምቱ በላይ የመጣብኝን ሒሳብ የመክፈል ግዴታ አለብኝ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አነስተኛ የቡና መቁያ አለኝ። ከይርጋጨፌ የሚመጣ ኦርጋኒክ ጥሬ ቡና ከአንድ አስመጪ እየገዛሁ፣ ቆልቼና አሽጌ በቅዳሜ ገበያና ለሁለት መደብሮች እሸጣለሁ፤ ከመደብሮቹ አንዱ ቡናዬን አፍልቶ በጠርሙስ ቀዝቃዛ ቡና አድርጎ ይሸጠዋል። ሰርተፊኬቱን ስወስድ የየዓመቱ ወጪ 1,200 ዶላር ገደማ እንደሚሆን በጽሑፍ ተነግሮኝ ነበር። ዘንድሮ ግን የ1,770 ዶላር ሒሳብ መጣብኝ፤ 650 የዓመት ክፍያ፣ 550 የምርመራ፣ 300 የኢንስፔክተር ጉዞ፣ 150 የመዘግየት ቅጣት፣ 120 ደግሞ «የመረጃ አያያዝ» ይላል። ተናድጄ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት «በ30 ቀን ውስጥ ጉድለቱን አስተካክዪ» የሚል ማስታወቂያ ላኩልኝ። ድርጅቱ ይህን ያህል የመጨመር መብት አለው? ገበሬዎቹ አገር ቤት ከፍለው ያስመሰከሩትን ቡና እኔ ለምን ሁለተኛ እከፍልበታለሁ? ባለፈው ዓመት ኦርጋኒክ ብዬ የሸጥኩት 4,600 ዶላር ብቻ ስለሆነ ሰርተፊኬቱን ከነጭራሹ ብተወውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ አስቀድሞ ሊነገርዎ የሚገባው እርስዎ ያልጠየቁት ነገር ነው። ማስታወቂያው ከደረሰዎ ሦስት ሳምንት ካለፈ፣ መልስ ለመስጠት የቀረዎት ዘጠኝ ቀን ገደማ ነውና ዛሬውኑ ደብዳቤውን አውጥተው የተጻፈበትን የመጨረሻ ቀን ይመልከቱ። አገር ቤት «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ቁጥር 205.406 መሠረት የሰርተፊኬት ባለቤት በየዓመቱ ክፍያውን መፈጸምና መረጃውን ማደስ ስላለበት፣ ክፍያን አለመፈጸም ራሱን የቻለ ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ጉድለቱ ካልታረመ ወይም በጽሑፍ መከራከሪያ ካልቀረበበት፣ ድርጅቱ ሰርተፊኬቱን ለማገድ ማሰቡን የሚገልጽ ሁለተኛ ደብዳቤ ይልካል፤ ያን ጊዜ በሽምግልና እንዲታይልዎ መጠየቅ፣ ወይም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ። ይህንም ካለፉት እገዳው ይጸናና ማንኛውም ገዢ ሊያየው በሚችለው የመንግሥት የኦርጋኒክ መዝገብ ላይ ከስምዎ ጎን ይሰፍራል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት የሚሰጡት ድርጅቶች አንዳንዶቹ የግል፣ አንዳንዶቹ የግዛት መሥሪያ ቤቶች ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚሠሩት ዩኤስዲኤ በሚባለው የፌዴራል የግብርና መሥሪያ ቤት እውቅና ተሰጥቷቸው ነው። መንግሥት አንድ ወጥ ዋጋ አልቆረጠላቸውም፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ መቁያ አንዱ ከሌላው እጥፍ ቢያስከፍል በዚህ ብቻ ሕግ ጣሰ አይባልም። ይሁን እንጂ ዋጋ የመወሰን ነጻነታቸው በቁጥር 205.642 ታጥሯል፤ በዚህ ድንጋጌ መሠረት ክፍያው ምክንያታዊ መሆን አለበት፣ ድርጅቱ ሊያስከፍል የሚችለውም አስቀድሞ ለዩኤስዲኤ ያስመዘገበውን ክፍያ ብቻ ነው፣ የተመን ሰንጠረዡን ለጠየቀው አመልካች ሁሉ መስጠት ይኖርበታል፣ የማይመለሰው ገንዘብ የትኛው እንደሆነና ከየትኛው የሥራ ደረጃ በኋላ እንደማይመለስም በሰንጠረዡ ላይ መግለጽ አለበት። ለእርስዎ ክርክር ከሁሉ የሚጠቅመው «ያስመዘገበውን ብቻ» የሚለው ቃል ነው።

እዚሁ ድንጋጌ ላይ ድርጅቱ ለአመልካቹ የጠቅላላውን ወጪና የየዓመቱን ማደሻ ግምት እንዲሰጥ ታዟል። ለእርስዎ የተሰጠው የ1,200 ዶላር ወረቀት ይኸው ነው። ነገር ግን ግምት ጣሪያ አይደለም፤ ድርጅቱ የገባው የዋጋ ውል ተደርጎም አይተረጎምም። የዓመቱ 650 እና የምርመራው 550 ተደምረው በትክክል 1,200 ስለሚሆኑ፣ ግምቱ የተሠራው ጉዞንና ቅጣትን ሳይጨምር እንደነበር እረዳለሁ። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ክርክር ባያነሡ እመርጣለሁ፤ የማያሸንፉበትን ነጥብ ማንሳት የሚያሸንፉበትንም ያደክመዋል።

የጉዞው 300 ዶላር የተለየ ነው። ኢንስፔክተሩ በየዓመቱ ቦታው ድረስ መጥቶ እንዲመረምር ደንቡ ስለሚያስገድድ የጉዞ ወጪ መጠየቁ አግባብ ነው፣ ነገር ግን አብዛኞቹ ድርጅቶች ኢንስፔክተሩ በአንድ ጉዞ የሚያያቸውን ደንበኞች ወጪውን ያካፍሏቸዋል። የእርስዎ ድርጅት ሰንጠረዥ እንዲህ የሚል ከሆነና ኢንስፔክተሩ በዚያው ቀን ሌሎች ቦታዎችን ጎብኝቶ ከሆነ፣ የሒሳቡን ዝርዝር የመጠየቅ ምክንያት አለዎት። የመዘግየት ቅጣቱም ከተመዘገበው ሰንጠረዥ ላይ ካለ ይከፈላል፤ ስለዘገዩ መጠየቁ አያስገርምም። «የመረጃ አያያዝ» የተባለው 120 ዶላር ግን እርስዎ በላኩልኝ የሰንጠረዥ ቅጂ ላይ የለም። ቅጂው ያለፈው ዓመት ስለሆነ፣ ድርጅቱ በመካከሉ ተመኑን አሻሽሎና አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ በጽሑፍ ይጠይቁ። እዚያም ላይ ከሌለ ድርጅቱ ይህን ገንዘብ የመጠየቅ መብት የለውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የማይከራከሩበትን በጊዜው ከፍለው፣ በቀሪው ላይ ተቃውሞዎን በደብዳቤ ይግለጹ። ክፍያው ሲፈጸም የድርጅቱ «አልከፈለችም» የሚል ክስ በአብዛኛው መሠረቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክርክር የሰርተፊኬት ሳይሆን የ120 ዶላርና የጉዞ ሒሳብ ጉዳይ ይሆናል። የይግባኙ ሥርዓት የተዘጋጀው ለክልከላ፣ ለእገዳና ለስረዛ እንጂ ለሒሳብ ወረቀት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ድርጅቱ እምቢ ካለ ካልተመዘገበ ተመን አስከፍሏል ብለው ለዩኤስዲኤ የኦርጋኒክ ፕሮግራም አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ደግሞ በሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሱ አነስተኛ ክርክሮችን የሚያየው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ችሎት ክፍት ነው፣ ምንም እንኳን ለ120 ዶላር ብለው ፍርድ ቤት እንዲመላለሱ እኔ የምመክር ባልሆንም።

«ገበሬዎቹ ከፍለዋል፣ እኔ ለምን?» የሚለው ጥያቄዎ በብዙ ደንበኞቼ አፍ የሚሰማ ነው፤ ከስሜት አንጻር ትክክል ቢመስልም ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ለቡናው ሳይሆን ቡናውን ለሚያመርተውና በመንገዱ ላይ ለሚያቀነባብረው ድርጅት ነው። በአገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ቢኖርም፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ አንዱ የሌላውን ምስክርነት የሚቀበልበት ስምምነት ስለሌላቸው፣ የይርጋጨፌ ገበሬዎች ማኅበር ምርቱን እዚህ በኦርጋኒክ ስም ለመሸጥ በአሜሪካ ደንብ የሚመረምር እውቅና ያለው ድርጅት ማስመርመር አለበት። ያ ወጪ ቀላል አይደለም። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው ማሻሻያ መሠረት የውጭው መርማሪ በቡድን ከተመሰከረላቸው ገበሬዎች መካከል ቢያንስ የአባላቱን ቁጥር ስኩዌር ሩት በ1.4 አባዝቶ ያገኘውን ያህል፣ ወይም 2 በመቶውን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ማሳ መርምሮ ማየት አለበት፤ 2,500 አባላት ያሉት ማኅበር በዚህ ስሌት በየዓመቱ 70 ማሳ ያስጎበኛል ማለት ነው። ገበሬዎቹ ከፍለው ያስመሰከሩት እርሻቸውንና እስከ መላኪያው ድረስ ያለውን ሥራ ብቻ ነው። እርስዎ መቁያ ውስጥ ጆንያውን ሲፈቱ፣ ያ ቡና ከሌላ ቡና ጋር እንዳልተቀላቀለና ባልተፈቀደ ኬሚካል እንዳልተነካ የሚመሰክር ሌላ ሰው የለም። መቁላት በደንቡ ትርጉም ማቀነባበር ነው፤ የሚከፍሉት ለዚያ ለራስዎ ሥራ ነው።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፣ እኔም በጣም ያሰብኩበት። ቁጥር 205.101 በዓመት ከ5,000 ዶላር ያልበለጠ የኦርጋኒክ ሽያጭ ያለውን ድርጅት ሰርተፊኬት ከመያዝ ነጻ ያደርገዋል። የሚቆጠረው ትርፍ ሳይሆን ጠቅላላ የኦርጋኒክ ሽያጭ ነው፤ ሌላው ቡናዎ ስንት ቢሸጥ አይደመርበትም። ስለዚህ በ4,600 ዶላር እርስዎ በነጻነቱ ውስጥ ነዎት። ገደቡ ግን 400 ዶላር ብቻ ስለሚቀረው፣ በፈረንጆች ገና ሰሞን የሚመጣ አንድ ትልቅ ትዕዛዝ ሊያሳልፍዎ ይችላል፤ ካለፉ በኋላ ያለ ሰርተፊኬት እያወቁ ኦርጋኒክ ብሎ መሸጥ በዋጋ ግሽበት እየተስተካከለ ዛሬ ለአንድ ጥፋት ከ20,000 ዶላር በላይ የደረሰ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ያስከትላል።

ነጻነቱም ሙሉ አይደለም። የአመራረቱንና የአያያዙን ደንብ መጠበቅና ሰነዶችን ለሦስት ዓመት ማቆየት ይቀጥላል፤ ክብ የሆነውን የዩኤስዲኤ ማኅተም በማሸጊያዎ ላይ ማተምም ሆነ «የተመሰከረለት ኦርጋኒክ» ብሎ መጻፍ ይከለከላል፤ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ብቻ ይፈቀድልዎታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እርስዎን የሚነካው ግን ሌላ ነው፦ ነጻ የተደረገ ድርጅት ያቀነባበረውን ምርት ሌላ ድርጅት ተቀብሎ በራሱ ምርት ውስጥ ኦርጋኒክ ግብዓት ብሎ ሊጠራው አይችልም። ቀዝቃዛ ቡና በጠርሙስ የሚሸጠው ደንበኛዎ በጠርሙሱ ላይ ኦርጋኒክ የሚል ከሆነ፣ እርስዎ ሰርተፊኬቱን በተዉ ማግስት ወይ ቃሉን ያነሣል፣ ወይ ሌላ ቆይ ይፈልጋል። ከ4,600 ዶላሩ ውስጥ የእርሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ መወሰን ያለብዎት እርሱን አነጋግረው ነው።

ለመተው ከወሰኑ በዝምታ አይተዉ። ብዙ ሰው ሰርተፊኬት ዓመቱ ሲሞላ በራሱ የሚያበቃ ይመስለዋል፤ በቁጥር 205.404 መሠረት ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ ሰርተፊኬት በፈቃድ እስኪመለስ፣ እስኪታገድ ወይም እስኪሰረዝ ድረስ ጸንቶ ይቆያል፣ ክፍያውም አብሮት ይቆጠራል። በፈቃድ መመለስ በአንድ አጭር ደብዳቤ ይፈጸማል። በእገዳ መውጣት ግን ከዓመታት በኋላ ንግድዎ አድጎ እንደገና ሲያመለክቱ ይከተልዎታል፣ ምክንያቱም አዲስ አመልካች ቀድሞ የጉድለት ማስታወቂያ ደርሶት ከሆነ የመግለጽ ግዴታ አለበት።

ለመቆየት ከወሰኑ ደግሞ ሰዎች ሳያውቁት የሚያልፋቸው ድጎማ አለ። የዩኤስዲኤ ክፍል በሆነው በፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ የሚሰጠው የሰርተፊኬት ወጪ መጋሪያ ለገበሬ ብቻ ሳይሆን እንደ እርስዎ ላለ አቀነባባሪም ይሰጣል፤ ከወጪው እስከ 75 በመቶ፣ ግን ከ750 ዶላር ሳይበልጥ ይመልሳል። ከእርስዎ ሒሳብ የዓመት ክፍያው፣ ምርመራውና ጉዞው ተደምረው 1,500 ዶላር ስለሚሆኑ 75 በመቶው 1,125 ነበር፤ በጣሪያው ምክንያት የሚደርስዎ 750 ይሆናል፤ የመዘግየት ቅጣት አይካተትም። ገንዘቡ ኮንግረስ በሚመድበው በጀት ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ በ2020 ወደ 50 በመቶና ወደ 500 ዶላር ዝቅ ተደርጎ ስለነበር፣ በእጅ እንዳለ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት በካውንቲዎ ያለውን ቢሮ ይጠይቁ። በተጨማሪም ማመልከቻውን በሚያስገቡበት ቀን ሰርተፊኬቱ ያልታገደና ያልተመለሰ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ኋላ ሊመልሱት ቢያስቡም እንኳ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መክፈል፣ ቀጥሎ ለድጎማው ማመልከት፣ ከዚያ መመለስ ነው።

ለድርጅቱ የሚጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የማስታወቂያውን ቀንና ቁጥር፣ የከፈሉትን ገንዘብ መጠንና ደረሰኙን፣ የተቃወሟቸውን ሁለት ክፍያዎች፣ በሥራ ላይ ያለው ሰንጠረዥ እንዲላክልዎ የሚለውን ጥያቄ ይያዝ። በኢሜይልም በአደራ ፖስታም ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከማስታወቂያው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።