የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ ጫካ ስንሄድ ማንን እናስፈቅድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ከባለቤቴ፣ ከ9 እና ከ12 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰብ ጋር ሆነን ለአንድ ቀን በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የዘጌ ልሳነ ምድር ተሻግረን በጫካው ውስጥ በእግር ለመንሸራሸር አስበናል። ጫካው የሕዝብ ስለሆነ ምግባችንን ይዘን፣ ደስ ባለን ቦታ አርፈን፣ እሳት አንድደንና ቡና አፍልተን ብንመለስ የሚከለክለን ይኖራል? መቼ ብንሄድስ ይሻላል? ጓደኛዬ ደግሞ ሴቶች አይገቡም አለችኝ፤ እውነት ነውን? (ወ/ሮ ት.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «የሕዝብ» ያሏትን ቃል ሳናርም ወደ ሌላው ማለፍ አይገባንም። ዘጌ ከጀልባ ላይ ሆነው ሲያዩት መጥረቢያ ያልነካው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይመስላል፤ ገብተው በጠባቧ የድንጋይ መንገድ ጥቂት ሲራመዱ ግን ከዋንዛው፣ ከብሳናውና ከዶቅማው ሥር ያለው አረንጓዴ ሁሉ ቡና መሆኑን፣ በቡናው መካከልም ጌሾና ሎሚ እንደ በቀለ ያስተውላሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ባለቤት አለው። ድንበሩ አንዳንድ ቦታ የተካበ ድንጋይ ሲሆን ሌላው ቦታ ደግሞ ባለቤቱና ጎረቤቱ ብቻ የሚያውቁት አንድ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ለእንግዳ ዓይን ጫካ የሆነው ነገር ለዘጌ ሰው ጓሮው ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ የአካባቢው ሽማግሌዎች ሲተርኩ አቡነ በትረ ማርያምን ያነሣሉ። በትውፊቱ መሠረት ጻድቁ ለዘጌ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ሰጥተው፣ በዚህ ምድር ላይ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት እንዳይኖር ቃል አስገብተዋል። ትውፊቱን እንደ እምነትም እንደ ታሪክም መውሰድ የአንባቢው ፋንታ ነው፤ ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው መሬት እየታረሰ ሲራቆት ዘጌ ያልተራቆተው ሕዝቡ ኑሮውን በማረሻ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ተክል ላይ ስለመሠረተ ነው። ዛፉ ቢቆረጥ ቡናው ፀሐይ ይመታዋልና፣ ዛፉን የጠበቀው ከግዝቱ ጋር ጥቅሙም ጭምር ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማሳመር አንፈልግም፤ ቡናው ዓመቱን አላዳርስ ያለው ሰው እንጨት ቆርጦ ይሸጣል፣ ማለዳ ከሐይቁ ዳር የቆመ ሰውም ከደንገል የተሠራች ታንኳ ማገዶ ተሸክማ ወደ ከተማ ስትመጣ ማየቱ አይቀርም። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት አካባቢ ሆኖ) የተመዘገበ ቢሆንም፣ ምዝገባው መሬቱን ከባለቤቱ ቀምቶ የመናፈሻ ቦታ አላደረገውም።

እንግዲህ «ማንን እናስፈቅድ?» ለሚለው፣ በወደቡ ላይ ከአካባቢው አስጎብኚዎች አንዱን ይያዙ። መንገዱ ያን ያህል የሚያስት ሆኖ ሳይሆን፣ የቱ ዱካ የጋራ መተላለፊያ፣ የቱ ደግሞ የሰው ደጃፍ እንደ ሆነ የሚያውቀው እርሱ ስለሆነ ነው። ልጆቹን አስቀድመው ይምከሩልን፤ ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ሰሞን አንዲት ቀይ ፍሬ ቀጥፎ መምጠጥ ለልጅ ጨዋታ ቢሆንም፣ ዐሥር ልጅ ዐሥር ዐሥር ፍሬ ሲቀጥፍ ለባለቤቲቱ ጨዋታ አይሆንም። በየደጃፉ ጀንዲና ሰሌን ላይ የተሰጣውን ቡና ረግጠው እንዳያልፉም ይጠንቀቁ።

እሳቱን ግን ጨርሶ ይተዉት። በበጋ ወራት መሬቱ በደረቀ ቅጠል የተሸፈነ ነው፤ ከተሸሸገች ፍም የተነሣች እሳት ቡናውን ብታገኘው ባለቤቱ እንደገና ፍሬ ለማየት ዓመታት ይጠብቃል። ቡና መጠጣት ካሰኛችሁ በመንገዱ ዳር የዘጌን ቡና አፍልተው የሚሸጡ እናቶች አሉላችሁና ስኒያችሁን እዚያ ያዙ፤ ከቤት ተሸክማችሁ ከምትሄዱት ጀበናም ይሻላል። ምግብን በሚመለከት፣ በዘጌ ባሉት ገዳማት ቅጽር ውስጥ አይበላም። ከቅጽሩ ውጭም ቢሆን ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ መነኮሳት በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ክትፎ ዘርግቶ መቀመጥ፣ ሕግ ባይከለክለውም፣ ነውር ነው። ፌስታሉንና የውኃ ፕላስቲኩን መልሳችሁ ወደ ከተማ ይዛችሁ ኑ።

ጓደኛዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። በጣና ደሴቶች ካሉት ገዳማት መካከል እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴቶችን አያስገቡም፤ በዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ሴቶችም ወንዶችም የሚሳለሟቸው ናቸው። ባለ ጀልባው በመንገድ ላይ ክብራንን ልጨምርላችሁ ቢል ወንዶቹ ወርደው እናንተ ጀልባ ላይ መቅረታችሁን አስባችሁ ተስማሙ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይያዛል። በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ዙሪያ ግድግዳ የሞሉትን ሥዕሎች ለማየት በቂ ጊዜ ይስጧቸው፤ በእኛ ግምት ልጆች ከእግር ጉዞው ይልቅ ብዙ የሚጠይቁት እዚያ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይመረጣል፤ በክረምት የድንጋዩ መንገድ ያዳልጣል። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ግን ወባ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ሳይመሽ መመለስ ይገባል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጣና ማለዳ እንደ መስተዋት ረግቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል፤ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከዘጌ ተነሥቶ፣ ጀልባው መንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው መሆኑን ያወቀው ሞገዱ መካከል ከገባ በኋላ ነበር። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ጃኬቱንም ከመሳፈራችሁ በፊት በልጆቹ ልክ መኖሩን ለብሰው ይዩት። በየብስም መንገድ አለ፤ በየትኛውም ብትሄዱ ግን የሰሞኑን የጸጥታ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጉዞው መካከል ከበላያችሁ እንደ ወናፍ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ቀና በሉ፤ ምንቃሩ ግዙፍ የሆነ ጥቁርና ነጭ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ክንፉ የሚያሰማው ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በጣና ዳር ስንጓዝ ሲሞቀን ዳር ዳሩን እንዋኛለን። ጥልቅ ቦታ ስለማንገባ የሚያሰጋ ነገር አለ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለ፤ ብልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ነው፤ በእርሱ ረገድ ዳር ዳሩ ከጥልቁ የበለጠ ያሰጋል። የብልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው፤ ከእነርሱ የሚወጣው ተሕዋስ ቁስል ሳይፈልግ በደህና ቆዳ በኩል ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በሚበረታበት ጊዜ፣ እናንተ በምትዋኙበት ሰዓት ነው። እስካሁን ከዋኛችሁ ሳትደናገጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ነገሩን ተናገሩ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል። ነገር ግን የገባው ተሕዋስ በሰውነት ውስጥ ወደ ትልነት አድጎ ዕንቁላል እስኪጥል ስድስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በዋኛችሁ በሳምንቱ የተደረገ የሰገራ ምርመራ «ነጻ» ቢል አትመኑት፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ተመርመሩ።