ለሩቅ የሥራ መንገድ ትንሽ፣ ቆጣቢና መንዳቱ የሚያስደስት መኪና፦ ጥያቄና መልስ

በየቀኑ ረጅም መንገድ እየነዱ ሥራ የሚመላለሱ ሰዎች ስለ ትንንሽ ስፖርት መኪኖች ያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ተመሳሳይ የሆኑት በአንድ ተጠቃለዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደርሶ መልስ በቀን 120 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ለዚህ ስፖርት መኪና መግዛት እብደት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በወር 22 ቀን፣ በዓመት 11 ወር ብትመላለስ 29,040 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ። በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር በሚጠጣና 9 ሊትር በሚጠጣ መኪና መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 726 ሊትር ይደርሳል። ሁለቱም ግን «ትንሽ ስፖርት መኪና» ተብለው ነው የሚሸጡት። ስለዚህ የሚያከስርህ ስፖርት መኪናነቱ ሳይሆን ምርጫህ ነው።

የምትፈልገው ክብደቱ ከ1,150 ኪሎ የማይበልጥ፣ ከ120 እስከ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነው። ቀላል መኪና ጎማም የፍሬን ሸራም ቶሎ አይበላም፤ ትንሽ ሞተርም ይበቃዋል። መሪው ሲዞር ወዲያው የሚታዘዝህም በክብደቱ ማነስ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ደስታውም ቁጠባውም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቀላል መኪና ገዝቼም በፈጣን መንገድ ላይ ፍጆታው የሚያሻቅበው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ክብደት የሚጎዳህ ስትነሳ፣ ስትቆምና ዳገት ስትወጣ ነው። በአንድ ፍጥነት ረግተህ ስትነዳ ዋናው ጠላት አየር ነው። የአየር ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል፤ ከ100 ወደ 120 ስትወጣ በ44 በመቶ ያድጋል። ጣሪያህን ከፍተህ ከሄድክ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጨረሻው ማርሽ ነው። ብዙ ገዢ የፈረስ ጉልበት እንጂ ይህን አይጠይቅም፤ ለሩቅ መንገድ ግን ከጉልበቱ በላይ የሚወስነው እሱ ነው። በራስህ ልታሰላው ትችላለህ። ጎማው 195/50 አር 16 ቢሆን ዙሪያው 1.89 ሜትር ያህል ስለሆነ በሰዓት 100 ስትነዳ ጎማው በደቂቃ 882 ጊዜ ይዞራል። ይህን በመጨረሻው ማርሽና በዲፈረንሻሉ ሬሾ አባዛው። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 (ጣሪያው የሚታጠፍ ባለ ሁለት ወንበር መኪና) አራተኛ ትውልድ ባለ 2.0 ሊትር ማኑዋሉ ስድስተኛ ማርሹ 1.0፣ ዲፈረንሻሉ 2.87 ስለሆነ ሞተሩ በደቂቃ 2,530 ዙር ገደማ ይዞራል። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ አምስት ማርሹ በዚያው ፍጥነት 3,200 ዙር ይላል፤ በ120 ደግሞ 3,850። ይኼ ጩኸት ጠዋትና ማታ ጆሮህ ላይ ነው። በ100 ከ2,800 ዙር በላይ የሚል መኪና ለቅዳሜ ሽርሽር እንጂ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ዕቃም አልይዝም። ኤምኤክስ-5 ልቤ ገብቷል። የትኛውን ትውልድ ልግዛ?

መልስ፦ አቅምሽ ከፈቀደ ከ2015 ወዲህ የመጣውን አራተኛውን፣ በኮዱ ኤንዲ የሚባለውን ያዢ። ባለ 1.5 ሊትሩ 131 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ለምትዪው መንገድ ይበቃል። ረጋ ተብሎ ከተነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። ባለ 2.0 ሊትሩ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 184 የፈረስ ጉልበት ከፍ ብሏል፤ እስከ 7,500 ዙርም ይሄዳል፤ በፍጆታም ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ ካምቢዮው ደካማ ነበር። ስትሞክሪው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ እየሰጠሽም እየለቀቅሽም አዳምጪ፤ የሚያፏጭ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለ ተዪው።

ቁመትሽ ከ1.85 ሜትር በላይ ከሆነ ሳትቀመጪበት አትክፈዪ። ከ2019 ሞዴል በፊት ያለው መሪ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይስተካከልም።

የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ መጀመሪያ ምርቶች የሚሞቱት በዝገት ነው። ከወንበሮቹ ኋላ፣ ጣሪያው በሚታጠፍበት በግራና በቀኝ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። ቅጠልና አቧራ ሲደፍነው ውኃው ከበሩ ሥር ወዳለው ሳጥን ይገባና ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ ቀስ ብለሽ ቀዳዳው ላይ አፍስሺና ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ መውጣቱን እዪ። ካልወጣ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ የበሩን ሥር በጣትሽ እየተጫንሽ ፈትሺ። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ከሞተሩ ሥር በሁለቱም በኩል ያለውን የፊት ሻንሲም ጨምሪ፤ ድርብ ብረት ስለሆነ በመሐሉ ይዝጋል።

ጥያቄ፦ ማዝዳ አርኤክስ-8 በርካሽ አገኘሁ። 1,300 ሲሲ ስለሆነ ነዳጅ አይበላም አይደል?

መልስ፦ ይበላል፣ ያውም በደንብ! ሞተሩ ፒስተን የለውም፤ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ናቸው የሚዞሩት። እያንዳንዱ ሮተር በአንድ የዘንግ ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል፤ የተለመደው ሞተር አንድ ፒስተን ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ 1.3 ሊትሩ የሚሠራው የ2.6 ሊትር ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትርና ከዚያ በላይ ጠብቅ። በዚያ ላይ ለሮተሩ ጫፍ ማሸጊያዎች ሆን ብሎ ዘይት እያስገባ ያቃጥላል፤ በየሁለተኛው የነዳጅ ሙሌት ዘይት ማየት ግዴታ ነው። ርካሽ የሆነው ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ስላለቀ ነው፤ ኮምፕሬሽኑም (ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) በተለመደው መለኪያ በትክክል አይለካም። ድንቅ መኪና ነው፤ ለአንተ መንገድ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቶዮታ ጂቲ86 ወይም ሱባሩ ቢአርዜድስ?

መልስ፦ ሁለቱ በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው። በ2012 የወጡት 2.0 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ 1,240 ኪሎ አካባቢ ናቸው። በፍጆታ ከኤምኤክስ-5 ይበልጣሉ፤ 8 ሊትር ብለህ አስብ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2,670 ዙር ገደማ ይላሉ፣ ከባድ ጩኸት አይደለም። የ2012 እና የ2013 ምርት ከሆነ የቫልቭ ሞላዎቹ በአምራቹ ጥሪ ተቀይረው እንደሆነ በወረቀት ጠይቅ። ሥራው ሞተር ማውረድ የሚጠይቅ ስለሆነ ማን እንደሠራው ማወቅም ይበጃል። ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋሉ፤ ዝቅተኛ ስትሞላ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ እሳቱን ያዘገየዋል፣ ጉልበትም ነዳጅም ታጣለህ።

ጥያቄ፦ ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ አለብኝ። ባለ ሁለት ወንበር አይሆነኝም።

መልስ፦ እንግዲያው ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት። ለእርስዎ ሁኔታ ከዚህ የሚሻል መጥቀስ ይከብዳል። የ2017ቱ ትውልድ 1.4 ሊትር ተርቦ፣ 140 የፈረስ ጉልበት፣ 970 ኪሎ ብቻ ነው። ጉልበቱ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ስለሚመጣ ማርሽ ሳይቀይሩ ዳገት ይወጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። የነዳጅ ጋኑ ግን 37 ሊትር ብቻ ስለሆነ ማደያ ቶሎ ቶሎ ይገባሉ። ከሱ በፊት የነበሩት ባለ 1.6 ሊትር ተርቦ የሌላቸው ትውልዶች ጠንካሮች ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ከላይ ነው፣ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ማሽከርከር ይፈልጋሉ።

ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ በመሪውና በመንገድ አያያዙ ከስዊፍቱ ይበልጣል፤ ወንበሩና ሞላው ግን ይጠነክራል፣ በሻካራ መንገድ ወገብ ይሰማዋል። ከ2018 ወዲህ ያለው ባለ ሦስት ፒስተን 1.5 ሊትር ሲሆን ጭነት ሲቀንስ አንዱን ፒስተን ያሳርፋል። ሚኒ ኩፐር ኤስ ከፈለጉ ከ2007 እስከ 2010 ያለውን ይለፉት፤ የካቴና መወጠሪያው፣ የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፑና የቫልቭ ጥቀርሻው ተራ በተራ ያስወጣዎታል። የ2010ዎቹ መጀመሪያ ፖሎ ጂቲአይ ባለ 1.4 ሊትሩም ዘይት በመጠጣት ስሙ የጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ተርቦ ሞተሮች ረጅም መንገድ ይችላሉ? ሁሉም ይፈራቸዋል።

መልስ፦ ረጅም መንገድ እንዲያውም ይስማማቸዋል፤ የሚገድላቸው አጫጭር ጉዞና የዘገየ ዘይት ነው። አንድ ክፉ ልማድ ግን አለ፦ በስድስተኛ ማርሽ በ1,300 ዙር እየተንፏቀቁ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ መርገጥ። በዚያ ሁኔታ ነዳጁ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው ቀድሞ ሊቀጣጠልና ፒስተን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጉልበት ሲፈለግ ማርሽ መቀነስ፣ ከ2,000 ዙር በላይ መጠቀም። ዘይቱም ኤፒአይ ኤስፒ ደረጃ ያለው ይሁን፤ ይህን ችግር እንዲቋቋም ተፈትኗል። አምራቹ 15,000 ኪሎ ሜትር ቢልም በ10,000 መቀየር ይሻላል።

ነዳጅ በቀጥታ ወደ ፒስተን ቤት የሚረጭባቸው ሞተሮች የመግቢያ ቫልቫቸው በነዳጅ ስለማይታጠብ ጥቀርሻ ይይዛል። ምልክቱ ጠዋት ሲነሳ መንቀጥቀጥና የጉልበት መቀነስ ነው። የሚፀዳው በተፈጨ የዋልነት (የለውዝ ዓይነት ፍሬ) ቅርፊት በመንፋት እንጂ ነዳጅ ውስጥ በሚጨመር ጠርሙስ አይደለም፤ ጠርሙሱ ቫልቩ ጋ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ቶዮታ ኤምአር2 (ከ1999 እስከ 2007 ያለው) ይሻላል ይላሉ።

መልስ፦ ቀላል ነው፣ ቆጣቢ ነው፣ ሞተሩ መሐል ነው። የዕቃ ቦታ ግን የለውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች በፒስተን ፋሻ ምክንያት ዘይት ይጠጣሉ፤ በጭስ መሰብሰቢያው ውስጥ ያለው ቅድመ ማጣሪያም ሲፈራርስ ስባሪው ተመልሶ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ማጣሪያው የወጣለት ወይም የተቀየረለት መሆኑን ሳታጣራ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሃይብሪድ ሆኖ ስፖርታዊ የሆነ አለ?

መልስ፦ ሆንዳ ሲአር-ዚ፣ ከ2010 እስከ 2016። 1.5 ሊትር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል። 5 ሊትር አካባቢ ማግኘት ይቻላል። ፈጣን ነው ብሎ የሚነግርህን አትመን፤ መንዳቱ ደስ ይላል ግን። የ2013ቱ ማሻሻያ ሊቲየም ባትሪ አለው፣ ፍለጋህን ከሱ ጀምር። የባትሪው መለኪያ ዳሽቦርድ ላይ ሳትነካው በድንገት የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ ባትሪው ደክሟል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክስ?

መልስ፦ ቤትህ ቻርጅ ማድረግ ከቻልክ ብቻ። ሚኒ ኩፐር ኤስኢ (በ2020 የወጣው) ጥቅም ላይ የሚውል 28.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው። በፈጣን መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ 170 ኪሎ ሜትር ነው። ለ120 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ብርድና ያረጀ ባትሪ ሲጨመሩ ግን ትርፉ ይጠባል።

ጥያቄ፦ ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ?

መልስ፦ መንገድህ ክፍት ከሆነ ማኑዋል። ግማሹ መጨናነቅ ከሆነ የተለመደው አውቶማቲክ። የምጠነቀቀው በደረቅ ድርብ ፍሪሲዮን (በዘይት በማይቀዘቅዙ ሁለት ፍሪሲዮኖች) ከሚሠሩት አውቶማቲኮች ነው፤ በመጨናነቅ ውስጥ በእግር ጉዞ ፍጥነት ሲንፏቀቁ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይግላል። እንዲህ ያለ ከያዝክ ክፍተት እስኪፈጠር ቁም፣ ከዚያ ተንቀሳቀስ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ልሞክር ስሄድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን አስቀድመሽ ንገሪ፤ ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪ። ሞቆ ከጠበቀሽ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ቶሎ የማይጠፋ ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ደግሞ የራዲያተር ውኃ። ከዚያ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ በ2,000 ዙር እየሄድሽ እስከ መጨረሻ ርገጪ፦ ዙሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል። በ100 ፍጥነት መሪውን ላላ አድርገሽ ያዢ፤ መንቀጥቀጥ ካለ ባላንስ ወይም የታጠፈ ቸርኬ፣ ወደ አንድ ወገን መሳብ ካለ አላይመንት።

አራቱንም ጎማዎች በውስጥ ጠርዛቸው በእጅሽ ዳብሺ። ውስጡ ብቻ ካለቀ ሞላው ተቆርጦ መኪናው ዝቅ ተደርጓል ወይም አላይመንቱ ተበላሽቷል። በዓመት 29,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ጎማ በየጥቂት ወሩ መግዛት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ጎማ ይሻላል? ንፋሱስ ስንት?

መልስ፦ ለስላሳ የስፖርት ጎማ ለዚህ መንገድ ብክነት ነው። ቶዮታ ራሱ ለጂቲ86 ያወጣው ሚሽሊን ፕራይመሲ ኤችፒ የተባለውን የምቾት ጎማ ነበር፤ መኪናው በመጠነኛ ፍጥነትም እንዲጫወት ታስቦ። ጸጥ ያለና ቶሎ የማያልቅ የመንገድ ጎማ በፋብሪካው መጠን ግዛ፤ ሰፋ ባደረግኸው ቁጥር ነዳጅም ጩኸትም ይጨምራል። የፊቱና የኋላው መጠን አንድ ከሆነ በየ10,000 ኪሎ ሜትር አቀያይራቸው።

ንፋሱን ጎማ ቤት ላለ ሰው አትተው። በልማድ 35 ይነፋልሃል፤ ለአዲሱ ኤምኤክስ-5 ግን በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው 29 ፒኤስአይ ነው። በ35 ቀላል መኪና በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ጎማው መሐሉን ይጨርሳል፣ ዝናብ ላይም ይንሸራተታል። ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ለካ። ኤምኤክስ-5 በአዳዲሶቹ ትውልዶች ስኮርት ጎማ አይዝም፤ የመጣበት ማሸጊያ ፈሳሽ የጎማ ጎን ቀዳዳ አይደፍንም፣ ጊዜውም ያልፋል። ቀኑን አይተህ ቀይረው፣ ትንሿ መንፊያም መሥራቷን በየጊዜው ሞክራት።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ 5.8 ሊትር ይላል፣ ኪሴ ግን አያምንም።

መልስ፦ ኪስዎ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የዳሽቦርዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ማነስ ያዘነብላል። ማደያው ፓምፕ በራሱ እስኪቋረጥ ይሙሉና የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርጉ። በሚቀጥለው በዚያው ፓምፕ እስኪቋረጥ ሞልተው የገባውን ሊትር በኪሎ ሜትሩ ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ። 31 ሊትር ለ470 ኪሎ ሜትር ቢገባ 6.6 ነው። አንድ ሙሌት አያሳምንም፤ የሦስቱን አማካይ ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ያለ ምክንያት በአንድ ሊትር ከጨመረ መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ፣ ከዚያም እየነካ የሚሄድ የፍሬን ሸራ ይፈትሹ። የመጨረሻውን ለማወቅ ከጉዞ በኋላ እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ፣ አይንኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ እሱ ነው።