መዝገብ ቤት ለምትገቡ ልጆች፣ ከመንካታችሁ በፊት ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ልጆቼ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት ማለት ይቻላል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እየደወላችሁ "ጋሼ ይሄን ዶክመንት ምን እናርገው" ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፣ ዶክመንት ስትሉ ወረቀት ብቻ ነው የሚታያችሁ፣ ወረቀቱንም በስልክ አንስታችሁ ፒዲኤፍ ካረጋችሁት አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የቆየ የርስት ክርክር ፋይል አስተካክል ተብዬ ተሰጠኝ። ውስጡ ማመልከቻ አለ፣ ሽማግሌዎች በአውራ ጣታቸው የፈረሙበት ውል አለ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፣ በእጅ የተሳለ የመሬቱ ንድፍ አለ፣ ያረጁ ፖስታዎችም አሉ። እኔ ንጹህ ላርገው ብዬ ፎቶዎቹን አልበም ውስጥ ከተትኳቸው፣ ንድፉን ከሌሎች ካርታዎች ጋር ጠቀለልኩት፣ ደብዳቤውን በቀን ደረደርኩ፣ ፖስታዎቹን ጣልኳቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ የባለጉዳዩ የልጅ ልጅ መጣና ፎቶው ላይ ያሉት እነማን ናቸው አለኝ፣ ስማቸው የተጻፈው ፖስታው ጀርባ ላይ ነበር። ርስት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል፣ ልጁ መሬት ፍለጋ አልመጣም፣ ዘሩን ፍለጋ ነው። የኛ አገር ርስት ደግሞ ከዋናው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም እየተቆጠረ የሚወርድ ስለሆነ አንድ ስም ከመሀል ሲጠፋ ቆጠራው እዛው ይቆማል። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ፋይል ስትከፍቱ መጀመሪያ እንዳለ ምን ከምን ቀጥሎ እንደተቀመጠ ጻፉ፣ ፎቶ ወይ ካርታ ለብቻ ማስቀመጥ የግድ ከሆነ በቦታው ላይ "ከዚህ ወጥቶ እዚህ ሳጥን ገብቷል" የሚል ወረቀት ተኩ።

ብራና ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያም ሂዱ፣ ዲማ ሂዱ፣ ጣና ደሴቶች ሂዱ፣ ብራና አለ። ብዙ ልጆች ወንጌል ሲያገኙ "አራቱ ወንጌላት" ብለው ካታሎግ ላይ ጽፈው ያልፋሉ፣ ግን እኮ ድሮ ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት፣ ሲሰጥ፣ ንብረት ሲበረከት፣ ውል ሲደረግ የሚጻፈው ወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ወይ ጠርዙ ላይ ነበር፣ ወንጌል ላይ የተጻፈ አይካድም ተብሎ። ያ መጽሐፍ የጸሎትም የመሬትም መዝገብ ነው ማለት ነው። የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተተካበትም ታገኛላችሁ፣ ፍቀቱን ብራናውን ወደ ብርሃን አዘንበል አርጋችሁ ካላያችሁት በስልክ ፎቶ ላይታይ ይችላል። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ገደማ የኢትዮጵያ ብራናዎች ተቀርፀው ኮፒው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፣ ትልቅ ውለታ ነው፣ ሆኖም ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በቀይ የተጻፈውን የቅዱሳን ስም ከጥቁሩ በቀላሉ አትለዩትም። ኮፒ ኖረ ብላችሁ ዋናውን እንዳትንቁት። ብራና ቆዳ ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ማኅደሩም፣ የቆዳ መያዣው ማለቴ ነው፣ አብሮት ይቀመጥ። ጓንት እናርግ ወይ ለምትሉኝ፣ ለብራናና ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ ጓንት ለፎቶና ለኔጋቲቭ ነው።

ወረቀትም አንድ አይነት አይደለም። ቢሮ ውስጥ የቀረው የወጪ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ዋናው ሳይሆን በስስ ወረቀት ላይ ያለ የካርቦን ኮፒ ነው፣ ዋናውማ ተልኳል፣ ስለዚህ ማኅተም የለውም ብላችሁ ረቂቅ ነው አትበሉ፣ ከወጪ መዝገቡ ቁጥር ጋር አመሳክሩ። በስቴንስል፣ በሰም ወረቀት ማባዣ፣ ተባዝቶ ለብዙ ቢሮ የተላከ ሰርኩላር ሌላ ነው። የሱቅ ማሽን ደረሰኝና የድሮ ፋክስ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ ራሱ ይጠፋል፣ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አርጉት። ስፒልና ስቴፕል ይዝጋል፣ አውጡት። ስኮች አትለጥፉ፣ ሙጫው ይቢጫል። ላሚኔት ግን በፈጠራችሁ! የአያቱን ውል ላሚኔት አስደርጎ ይዞ የመጣ ሰው ስንት አይቻለሁ፣ ወረቀቱ በሙቀት ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል፣ መመለሻ የለውም።

ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። የፊልም ቆርቆሮ ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፣ ከሌሎቹ ለዩት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ ቶሎ ኮፒ ይደረግ። ፍሎፒ ካገኛችሁ ደግሞ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ናት ብላችሁ አትጣሏት፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመት ሪፖርት በደንብ ይገባባታል፣ ማንበቢያው ሳይጠፋ ገልብጡ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ካሴት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ይባላል አይደል፣ ታዲያ የኔታ ሲያስቀኙ፣ እናቶች ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲያወርዱ፣ አባቶች ሲፎክሩ የተቀዳው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ባለ ካሴት ላይ ነው፣ ወረቀት ላይ የለም። ካሴት ስታገኙ መጀመሪያ ላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ትሮች ስበሩ፣ ያኔ ማንም በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ሻጋታ ካያችሁበት አታጫውቱት፣ ቴፑንም ማጫወቻውንም ያበላሻል። ደህና ከሆነ ድምፁን በሚቀንሰው ኤምፒስሪ ሳይሆን ሙሉውን በሚይዘው ዌቭ ፋይል አርጋችሁ ቅዱት፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ከዛ ካሴቱን የሰጣችሁን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እያጫወታችሁ "ይሄ ድምፅ የማነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በራሱ ድምፅ ቅዱት።