ከአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የካናዳው አኩሪ አተር ለጎጃም ደጋ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በጎዛምን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ነው። የእርሻዬ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ መሆኑን የልማት ጣቢያ ሠራተኛችን ለክቶ ነግሮኛል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ውርጭ ስለሚመታን ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ ሳያፈራ ይቃጠላል። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ አኩሪ አተር ያዋጣል ሲባል እሰማለሁ። በካናዳ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደግሞ እዚያ በበረዶ አገር አራት ወር ሳይሞላው የሚደርስ ዝርያ እንዳለ ገልጾልኝ ዘሩን ሊልክልኝ አስቧል። ልቀበለው?

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዘሩን እንዲልኩልዎ አንመክርም። ማኒቶባ በተባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ገበሬዎች አኩሪ አተርን በግንቦት ዘርተው በመስከረም ያጭዳሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ ውርጭና በረዶ ነውና። ይሁን እንጂ ያ ዝርያ ፈጥኖ የሚደርሰው ብርድ ስለሚችል ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የማኒቶባ በጋ አጭር ይሁን እንጂ ሞቃት ነው፤ በሐምሌ ቀኑ እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በዚያው ወር ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ስለሚውል ቀኑ 20 ዲግሪ ለመድረስ ይቸገራል፤ ሌሊቱም ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። አኩሪ አተር ከ10 ዲግሪ በታች እድገቱ የሚቆም ተክል ከመሆኑም በላይ፣ በአበባው ወቅት የሌሊት ቅዝቃዜ ከበረታበት አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ የእናንተ አካባቢ ችግር የወቅቱ ማጠር ብቻ ሳይሆን ከዚያ ይልቅ የሙቀቱ ማነስ ነው።

ከሙቀቱም በላይ ልናስረዳዎ የምንፈልገው የቀኑን ርዝመት ጉዳይ ነው። አኩሪ አተር ማበብ የሚጀምረው የሌሊቱን ርዝመት ተከትሎ ነው፤ ሌሊቱ ሲረዝም ቅጠልና ቅርንጫፍ ማብዛቱን ትቶ ወደ አበባ ያዘነብላል። በማኒቶባ በሰኔ ወር ፀሐይ በቀን ከ16 ሰዓት በላይ ታበራለች፤ የዚያ አገር ዝርያም በዚህ ረዥም ቀን ውስጥ እንኳ እንዲያብብ ተመርጦ የወጣ ነው። በጎጃም ግን የዓመቱ ረዥሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዘሩ በዚህ አጭር ቀን ውስጥ ሲበቅል ገና ቁመቱ ከጉልበት ሳይደርስ፣ ቅርንጫፍም ሳያወጣ ያብባል፤ ጥቂት ፍሬ ቋጥሮም ያበቃል። ፈጥኖ መድረሱ አይቀርም፤ የሚሰበሰበው ግን ለድካምዎ ዋጋ አይሆንም። በዚህ ላይ ያለ ተክል ኳራንታይን ፈቃድና ያለ ጤንነት ማረጋገጫ ዘር ወደ ሀገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ከዘር ጋር የሚገባ በሽታ የእርስዎን ማሳ ብቻ መርጦ አያጠቃም።

በሀገራችን አኩሪ አተር የሚስማማው በአመዛኙ ከ1,200 እስከ 1,900 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ፓዌ፣ ከጎጃምም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለው የጃቢ ጠህናን ቆላና ወይና ደጋ ለዚህ የታወቁ ናቸው። የዘይት ፋብሪካዎቹ ፍላጎት ቢያጓጓም፣ በ2,400 ሜትር ላይ ዋናውን ማሳ ለአኩሪ አተር መስጠት የቤተሰብን ቀለብ ለአደጋ ማጋለጥ ነው ብለን እናምናለን። ለእርስዎ መሬት ባቄላ፣ አተርና ግብጦ የተሻሉ ናቸው፤ በጊዜ ከተዘሩ ከውርጩ በፊት ይደርሳሉ፤ ብርዱንም ከአኩሪ አተር በተሻለ ይቋቋማሉ። ወደ ዓባይ ሸለቆ ዝቅ ብሎ በዘመድም ሆነ በእኩል አራሽነት የሚያገኙት መሬት ካለ ግን አኩሪ አተሩን እዚያ ይዝሩት።

በእርስዎ ማሳ መሞከር የግድ ከሆነብዎ ከአንድ ጥማድ ሩብ የማይበልጥ ቦታ ይለዩ። ቦታው ተዳፋት ይሁን እንጂ ረባዳ አይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ውርጩም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ዝናቡ እንደጸና በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንታት ይዝሩ። ከሰኔ 10 እስከ ጥቅምት 30 ያለው ጊዜ 145 ቀን ነው፤ በሞቃት ቦታ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ የሚደርስ ዝርያ በእናንተ ብርድ ምን ያህል እንደሚዘገይ ሲታሰብ ጊዜው ጠባብ ነው። ስለዚህ እንደ ዊልያምስና ክራውፎርድ ያሉትን ቀደም ብለው የሚደርሱ ዝርያዎች ይምረጡ፤ በለሳ-95ን የመሰለ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ለእርስዎ ፈጽሞ አይሆንም። ስለ ዝርያዎቹ ከአዴት ወይም ከፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ማጣራት ይቻላል። የጎጃም ደጋ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ በመሆኑ ከመዝራትዎ በፊት አፈርዎን አስመርምረው እንደ ውጤቱ ኖራ ይጨምሩ።

ውርጭ ሰብሉ ሳይደርስ ቢመጣ ጉዳቱን ለማወቅ ፍሬውን የያዘውን ቅርፊት ከፍተው ይመልከቱ። ፍሬው ወደ ቢጫነት ተለውጦ፣ በቅርፊቱ ውስጥ ካለው ነጭ ስስ ልባስ ጋር መጣበቁን ትቶ በቀላሉ የሚለቅ ከሆነ ደርሷል፤ ውርጩ የሚቀንስበት ምርት እምብዛም አይኖርም። ፍሬው አረንጓዴና ለስላሳ ከሆነ ግን ይሟሽሻል፤ አረንጓዴነቱም በዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር ገዢ ዋጋ ይቀንስበታል። በዚህ ጊዜ ለማጨድ አይቸኩሉ፤ ቆሞ ጥቂት ሲቆይ አረንጓዴነቱ በከፊል ይለቃል። ውርጭ የመታውን ፍሬ ለዘር ማስቀረት ግን አይገባም።

ጥያቄ፦ ከጃቢ ጠህናን ነው የምጽፈው። አኩሪ አተሬ በቁመት መልካም ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። የተዘራው ከስድስት ሳምንት በፊት ሲሆን፣ ሕያው ማዳበሪያ (ከዘር ጋር የሚለወሰውን ባክቴሪያ ያለበትን ማዳበሪያ) አልተጠቀምኩም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከማሳው የተለያየ ቦታ ጥቂት ተክሎችን ሳይመነግሉ፣ ከነአፈራቸው በአካፋ አንሥተው ሥራቸውን በውኃ ይጠቡ። በሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍርዎ ሰንጥቀው ውስጣቸውን ይዩ፤ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሉ በመስጠት ላይ ናቸው፤ ችግሩም ከሌላ ነገር፣ ምናልባትም ከውኃ መቋጠር የመጣ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ጨርሶ ከሌለ ግን ተክሉ ናይትሮጅን እያጣ ነው። አኩሪ አተር ከውጭ የመጣ ሰብል በመሆኑ ለእርሱ የሚስማማው ባክቴሪያ ከዚህ በፊት ባልተዘራበት አፈር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በበቂ መጠን አይገኝም። ለዘንድሮ አበባ ከመጀመሩ በፊት አፈሩ እርጥብ ሳለ ጥቂት ዩሪያ በመስመሩ ጎን ይጨምሩ። ለከርሞ ለአኩሪ አተር ተብሎ የተዘጋጀውን ሕያው ማዳበሪያ ገዝተው (የባቄላው ወይም የሽምብራው አይሠራም)፣ ዘሩን በስኳር ውኃ ጥቂት አርሰው በጥላ ሥር ይለውሱት፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ስለሚገድል በዚያው ቀን ዘርተው ወዲያው አፈር ያልብሱት።